ለሚቆጣ ቆዳ የቱን እንምረጥ? ከቀሲል እስከ ሰንስክሪን፣ ለድሬና ለሐረር

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ቀሲል፣ ማለትም ፊትና ፀጉር የሚታጠቡበትን የቅጠል ዱቄት፣ የሚሸጡልኝ አንዲት እናት አሉ። ገና ጎንበስ ስል "ለፊት ነው ለፀጉር?" ይሉኛል። ለፀጉር ካልኳቸው ፊት ለፊት ካለው ከረጢት ይሰፍራሉ። ለፊት ካልኳቸው ግን ከኋላቸው የተቋጠረውን፣ በጨርቅ የተነፋውን ያወጣሉ። በሁለት ጣታቸው አሽተው "እይው ልጄ፣ አይቆረቁርም" ይላሉ።

አንድ ቀን ቸኩዬ ስለነበር "ያው ነው፣ ከዚህኛው ይስፈሩልኝ" ብዬ የፀጉሩን ወሰድኩ። ቤት ገብቼ ሎሚ ጨመቅኩበት። ፊቴን ቀብቼ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ ታጠብኩ፣ በቀትር ወጣሁ። ማታ ጉንጬ ቀልቶ ይለበልበኝ ነበር። ለሳምንት ተላጠ። ሲድን ደግሞ ጥቁር ጥላ ትቶ ዳነ፤ ጥላው እስኪለቅ ወራት ፈጀ።

የተቀባሁት ሁሉ ከዛፍ የመጣ ነው። ፋብሪካ ያየ አንድም ነገር አልነበረበትም። ጥፋቱ ሎሚው ላይ ነው። የእኛ ሎሚ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥል ነገር አለው። ደረቁ ዱቄት ደግሞ ቆዳዬን ቀድሞ ቧጭሮት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በደንብ መመርመር የጀመርኩት። ቆዳዬ ቶሎ ይቆጣል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ፌስታልና ባዶ የሎሽን ጠርሙስ ተበትኖ ሳይም ያመኛል። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። ዋናው ነገር ጥቂት ዕቃ መያዝ ነው። አሥር ዓይነት "ኢኮ" ክሬም ከመደርደር ሦስት የተፈተነ ይበልጣል። አልስማማ ብሎ ግማሹ የተጣለ ክሬም፣ እሽጉ ላይ የፈለገውን ያህል አረንጓዴ ቅጠል ቢሳልበት፣ ያው ቆሻሻ ነው።

ቆዳችሁ ስስ ነው ወይስ ሳስቷል?

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ራሳችሁን ጠይቁ። "ስስ ቆዳ አለኝ" ከምንለው ውስጥ ብዙዎቻችን ቆዳችን በክሬም የሳሳ ነው።

ማድያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል ተብለው በየሱቁና በየበረንዳው የሚሸጡ ቱቦዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ ይገኛል። ሐኪም ለችፌ ለጥቂት ቀን ሲያዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ በየቀኑ ለወራት ሲቀባ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ ሳምንታት ፊት ያበራል፣ ሰው ሁሉ "ምን ተቀባሽ?" ይላል። ቀስ እያለ ቆዳው ይሳሳል። ደም ስሮች ይታያሉ። ፀሐይ ሲነካው ይነድዳል፤ ምድጃ አጠገብ መቆም ያቅታል። ሲያቆሙት ይብስበታል፣ ስለዚህ መልሰው ይቀቡታል። አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ሁለት ዓመት ቆየች። "ውሃ እንኳ ያቃጥለኛል" ስትለኝ ቆዳዋ ከጥንቱ እንደዚህ የነበረ መስሏት ነበር።

ሃይድሮኩይኖን የሚባለውን ማቅሊያም ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት፣ ሊያጠፋው የመጣውን ጥቁረት ራሱ ያመጣዋል። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ከሁሉም ይከፋል። ኩላሊት ይጎዳል። የሚጎዳውም የተቀባችውን ብቻ አይደለም፤ አቅፋ የምታጠባውን ልጅም ነው። ከፊቷ የታጠበው ውሃ ሜርኩሪውን ይዞ መሬት ይገባል። ለዚህ ነው ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ እ.ኤ.አ. ከ2025 በኋላ እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይወጣ የወሰነው።

እዚህ ላይ የማወዳድረው ነገር የለኝም። የሚያቀላ ክሬም ከሥነ ምግባርም ከጤናም ሚዛን ውጭ ነው። ለጥቁር ልጅ መልክሽ ጉድለት ነው እያለ የሚሸጥ ዕቃ እንዴት "ንጹሕ" ሊባል ይችላል? አሁን እየተጠቀማችሁ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከመወርወር ቱቦውን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አወጣጡ ሥርዓት አለው።

ከፍታው፣ ፀሐዩ፣ ውሃው

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደንገጎን ስትወጡ ግን ለቆዳ ሌላ አገር ትገባላችሁ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ድሬ ላይ፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ ጣጣው ላብ ነው። ላብ ደርቆ ጨው ይሆናል፣ ጨዉ ያሳክካል። ወፍራም ቅባት እዚህ ያፍናል። ሐረር ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ንፋሱና የሌሊቱ ብርድ ቆዳ ያደርቃሉ። የድሬ ልጅ ሐረር ዘመድ ጋ ሁለት ሳምንት ከርማ ስትመለስ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ የምናየው ለዚህ ነው።

የሐረር ቅዝቃዜ ያታልላል። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሐረር ላይ አየሩ ደስ እያለን ፊታችን ከድሬው የበለጠ ሊቃጠል ይችላል። "ሙቀት የለም፣ ምን ያስፈልገኛል" የሚባለው ስህተት ነው።

ከዚያ ውሃው አለ። የድሬ ውሃ ከባድ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት፤ ያ ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ነው። ሳሙና ከዚህ ካልሲየም ጋር ሲገናኝ በደንብ አይለቅም፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስትታጠቡ ፊታችሁ "ጨምደድ" የሚለው አንድም በዚህ ነው። ውሃ ሲፈላ የካልሲየሙ ከፊል ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ለሻይ ካፈላሁት የተረፈውን አሳድሬ፣ ከላይ ቀድቼ፣ በመጨረሻ ፊቴን አለቀልቅበታለሁ። ለዚህ ብላችሁ ብቻ ግን ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም።

ሐረር ላይ ደግሞ ጉዳዩ መጠኑ ነው። ለዓመታት ከተማዋን ያጠጣት የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሁላችንም አይተናል። በጀሪካን ውሃ የሚኖር ቤት በቀን ሁለት ጊዜ በሁለት ዓይነት ሳሙና ፊት ማጠብ የለበትም። ለሚቆጣ ቆዳም አይመከርም። ማታ አንድ ጊዜ በማጽጃ፣ ጠዋት በውሃ ብቻ ይበቃል።

መታጠቢያ፦ ሳሙና፣ ሲንዴት ወይስ ቀሲል?

ተራ ሳሙና ርካሽ ነው፣ በወረቀት ይጠቀለላል፣ የትም ይገኛል። ለእጅና ለእግር ምንም አይወጣለትም። ለሚቆጣ ፊት ግን አልመርጠውም። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5 አካባቢ ነው፤ የሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። የልብስ ሳሙናን ጭራሽ አንነጋገርበት። "በእጅ የተሠራ" የሚባለውም በኬሚስትሪው ያው ሳሙና ነው፤ በእጅ መሠራቱ ፒኤቹን አያወርደውም።

ሲንዴት የሚባለው ከሳሙና ያልተሠራ ማጽጃ ነው። ቅርጹ ሳሙና ይመስላል፣ ፒኤቹ ግን ከቆዳ ጋር ይቀራረባል። ከከባድ ውሃ ጋርም አይጣላም። ፋርማሲ "ለደረቅና ለስስ ቆዳ፣ ሽታ የሌለው" ብላችሁ ጠይቁ። ደረቁ ከፈሳሹ ይሻላል፦ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ የላስቲክ ጠርሙስ የለውም። ጉድለቱ ዋጋውና ከሩቅ መምጣቱ ነው። ብዙዎቹ ውስጥም የፓልም ዘይት ውጤት አለ፤ ለፓልም ደግሞ የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ደን ተመንጥሯል።

ቀሲል የእኛው ነው። የቁርቁራ ቅጠል ደርቆ፣ ተፈጭቶ ነው። ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለው በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል። የሱማሌ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ፊትም ፀጉርም ይታጠቡበታል። ሙስሊሞች ሲድር ብለን የምናውቀው፣ አስከሬን የሚታጠብበት ቅጠል ዘመዱ ነው። ለአካባቢ ከሆነ የሚወዳደረው የለም። ቅጠሉ ተቀጥፎ ዛፉ ይቆማል፣ ላስቲክ የለም፣ ገንዘቡ ለቀጠፉትና ለፈጩት ሴቶች ይደርሳል። እኔ እዚህ ላይ አልከራከርም፣ የጠየቁኝን እከፍላለሁ።

ለሚቆጣ ቆዳ ግን አጠቃቀሙ ይለያል። ዱቄቱን ፊት ላይ አትሹት፣ አድርቃችሁም አትላጡት። እኔ አንድ የሻይ ማንኪያ የተነፋ ቀሲል በግማሽ ስኒ ለብ ያለ ውሃ በጥብጬ አሥር ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጠለዋለሁ። ጨርቁ ላይ አረንጓዴ ጭቃ ይቀራል፤ ስኒው ውስጥ ሻይ የሚመስል ውሃ ይወርዳል። ፊቴን የምታጠበው በዚያ ውሃ ነው። የተረፈው አይቀመጥም፣ ቶሎ ይበላሻል። ጭቃው ለአበባ ማሰሮ ይሆናል። እርድ ተቀላቅሎበት የሚሸጠውን ለጊዜው ተዉት፤ ቆዳችሁ ከተቆጣ ከሁለቱ የትኛው እንዳስቆጣው አታውቁም።

የእኔ ፍርድ? ችፌ ካለባችሁ ወይም ቆዳችሁ አሁን ቁስል ከሆነ ሲንዴት። ከረጋ በኋላ የተጠለለ ቀሲል።

እንዶድ ለልብስ ይሁን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሱበት ፍሬ ነው። ለፊት ምን ያህል ኃይለኛ እንደሚሆን አስቡት።

ቅባት፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል

ቫዝሊን የምንወዳት የልጅነት ቅባት ናት። የምትሠራው ከነዳጅ ተረፈ ምርት ስለሆነ ለአካባቢ የሚቆረቆር ሰው ይሸሻታል። እኔም ሸሽቼ ነበር። ተመለስኩባት። ቆዳ ውሃ እንዳያጣ በማድረግ የሚያክላት የለም፣ ሽታ የሌላት ንጹሕዋ ደግሞ አለርጂ የምታስነሳው ከስንት አንዴ ነው። አንድ ትንሽ ብልቃጥ ለሐረር ክረምትም ለበጋም ይበቃል፤ የምትጠቀሙት የምስር ቅንጣት ያህል ነው። ለተሰነጠቀና ለሚያቃጥል ቆዳ መጀመሪያ የማነሳት እሷን ነው። ድሬ ላይ ግን በሙቀት ቀን ፊት ላይ አትሆንም፣ ለከንፈርና ለተረከዝ ትቅር።

ግሊሰሪን በየፋርማሲው በትንሽ ጠርሙስ አለ። ርካሽና ጥሩ ነው። ስህተቱ ሳይበጠበጥ መቀባቱ ነው። ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ከቆዳችሁ ከራሱ ይስባል። አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት ውሃ በጥብጡ፣ ፊታችሁ ሳይደርቅ ተቀቡ። ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃ ብቻ አዘጋጁ። ሎሚና የጽጌረዳ ውሃ የሚጨምሩበት አሉ፤ ለእኛ ዓይነት ቆዳ ሁለቱም ይቅሩ። ለድሬ ሙቀት የምመርጠው ይህን ነው።

ዘይት ላይ "ኑግ ወይስ ወይራ?" ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኑግ እላለሁ። የኑግ ዘይት ከግማሽ በላዩ ሊኖሌይክ የሚባል ቅባት ነው፤ ቆዳ አጥሩን የሚሠራበት ነገር። የወይራ ዘይት ግን አብዛኛው ኦሌይክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የወይራ ዘይት ለሳምንታት ሲቀቡት የቆዳን አጥር እንደሚያዳክም አሳይቷል። እንደ ኑግ ሊኖሌይክ የበዛበት የሱፍ ዘይት ግን አላዳከመውም። ኑግ ቶሎ ይሻግታል። ትንሽ ግዙ፣ ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሽታው ከተለወጠ ለፊት አትጠቀሙበት። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በጣም ይወደሳል፤ ስስ ቆዳ ላይ ግን አለርጂ ያስነሳል። የእጣን ዘይትም ቆዳን ሊለበልብ ይችላል።

ሺአ ቅቤ ሩቅ አገር ብቻ ያለ ይመስለናል። ጋምቤላ ዛፉ አለ፣ ፍሬውንም የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ያልተደባለቀ፣ ሽታ ያልተጨመረበት ካገኛችሁ ለሐረር ብርድ ደህና ምርጫ ነው።

እሬትን ሳልጠቅስ ባልፍ የሚቀየሙኝ አሉ። ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወርደው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ቆዳ ያስቆጣል። አቁማችሁ አንጠፍጥፉት፣ እጠቡት፣ ከዚያ መሃሉን ጥርት ያለውን ብቻ ውሰዱ። ከጫካ ግን አትንቀሉ። በሐርላ ስም የተጠራች፣ ከእኛ አካባቢ ውጭ የማትገኝ የእሬት ዝርያ አለችን። የዱር እሬቶች በዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ጫካ ያለው ሁሉ ደግሞ ለፊት እንደሚሸጠው ዓይነት አይደለም። የተረጋገጠውን ዝርያ በተቆረጠ ጀሪካን ተክሉ፤ ድሬ ላይ ለመብቀል ምንም አይቸግረውም።

ፀሐይ

በጣም ርካሹ፣ ቆዳ የማያስቆጣው፣ ቆሻሻ የማይተወው ሰንስክሪን ሻሽና ጃንጥላ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጨረሩ ይበረታል። ከዚራ ሰፈር ጥላ ጥላውን የምንሄደው በከንቱ አይደለም።

ክሬም ከገዛችሁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ማዕድናዊው ነው። ስስ ቆዳን ብዙም አያስቆጣም፣ ግን በእኛ ቆዳ ላይ አመድ የነፋብን ያስመስለናል። ሌላው ኬሚካላዊው ነው። አይታይም፣ አንዳንዱ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ያሳክካል። እኔ የምመርጠው ቡናማ ቀለም ያለውን ማዕድናዊ፣ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ ቁጥር) 30 እና ከዚያ በላይ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ነው፤ እሱ ማድያት የሚያጠቁረውን የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላል። መጠኑ ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል።

"ለኮራል ደህና" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ ኮራል ባሕር ውስጥ የሚኖር ድንጋይ መሰል ፍጥረት ነው። ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ የኬሚካላዊ ሰንስክሪን ንጥረ ነገሮች ያለባቸውን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከልክላለች። ድሬ ላይ ባሕር የለም። ግን ስንቶቻችን በዓል ሲደርስ ጅቡቲ ዘመድ ጋ ወርደን ባሕር እንገባለን? ለዚያ ጉዞ ማዕድናዊውን ያዙ።

ጥንቸሏ፣ የጾሙ እና "ሃይፖአለርጂኒክ"

እሽግ ላይ የምትዘለው ጥንቸል እንስሳ ላይ አልተሞከረም ማለት ነው። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንስሳ ላይ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ ከልክሏል። "ቬጋን" ደግሞ ሌላ ነው። በእኛ አነጋገር የጾም ክሬም በሉት፤ ላኖሊን፣ ኮላጅን፣ ካርሚን የመሳሰሉ ከእንስሳ የሚወጡ ነገሮች የሉበትም። ከጾም የሚለየው ማርና ሰምም ስለማይገባበት ነው። ላኖሊን ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት ነው፣ አለርጂም ያስነሳል፤ እዚህ ላይ የጾሙ መስመርና የቆዳችን መስመር ገጠሙ።

"ሃይፖአለርጂኒክ" የሚለውን አትመኑ። አሜሪካ እንኳ ሕጋዊ መስፈርት የለውም። የእኔ ዓይን መጀመሪያ የሚፈልገው "ፓርፉም" ወይም "ፍራግራንስ" የሚለውን ቃል ነው። ካለ እመልሰዋለሁ። ጥንቸል ያለው ግን ሽቶ የበዛበት ክሬምና ጥንቸል የሌለው ሽታ አልባ ቫዝሊን ቢቀርቡልኝ ዛሬ ፊቴ እየነደደ ከሆነ ቫዝሊኑን አነሳለሁ። ከረጋሁ በኋላ ጥንቸሏን እፈልጋለሁ።

ሠርግ ለደረሰባችሁ ደግሞ፦ ሂና ቀይ ቡናማ ነው። በአንድ ሰዓት ጥቁር የሚያወጣው "ጥቁር ሂና" ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ተጨምሮበታል። ፒፒዲ የሚባለው ንጥረ ነገር እጅ ያፈላል፤ አንዴ የለመደው አለርጂ ዕድሜ ልክ አይለቅም።

አዲስ ነገር ስትጀምሩ

አንድ በአንድ ጀምሩ። ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን። የሚታጠብ ነገር ከሆነ ፊት ላይ የሚቆየውን ያህል ብቻ አቆይታችሁ አለቅልቁ። ካልቀላ፣ ካላሳከከ፣ ወደ ፊት ይሂድ። ገበያ ስትሄዱ ባዶ ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ። ቀፊራ ያሉት እናት ብልቃጤን ሲያዩ ፌስታል አያወጡም አሁን። ባዶ ጠርሙሶችን ለቆራሌ አከማቻለሁ፤ አጥቤ ነው የምሰጠው፣ ሰውየውም ሰው ነው።

የጋምቤላውን ሺአ ቅቤ ሰሞኑን ነው ያገኘሁት። ግራ ክንዴ ላይ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮት ጋ ሄጄ በብርሃን አየዋለሁ። እስካሁን ዝም ብሏል።